የቡና አጣጭ ካሳ

ደሴ ውስጥ ጠበቃ ነኝ ካልክ ሰው የሚመጣለት ወይ ፍቺ ወይ ውርስ ነው። የእኔ ሥራ ሊዝ፣ የከተማ ገቢና መልሶ ማልማት ነው። ይህን ለአክስቴ ሳስረዳ ዓመታት አለፉ። እሷ ግን ለጠየቃት ሁሉ "ማዘጋጃ ነው" ብላ ታሳጥረዋለች። ስለዚህ ቡና ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር ስለተደፈነ ቱቦ፣ ስለጠፋ ካርታ ወይ ስለ ልደት ሰርተፍኬት የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም።

አንድ ቀን ሙያዬን ላስከብር ብዬ ስለ አሜሪካ አነሳሁ። እዚያ ከተሞች ቦንድ ሸጠው መንገድና ቧንቧ ይሠራሉ። "ይህ ቦንድ ሕጋዊ ነው" ብሎ እየጻፈ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ጠበቃም አለ አልኳቸው። ጎረቤታችን ሐጂ በጥሞና ሰሙኝ።

"ቦንድማ እኛም ለዓባይ ገዝተናል። አንተ ለየትኛው ወንዝ ነው የምትሸጠው? ለቦርከና?"

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስሜ "የቦርከና ቦንድ" ሆነ።

ቤቶቹ ለልማት ይነሳሉ የሚል ወሬ የተናፈሰ ሰሞን ግን ክብሬ ተመለሰ። የቆሎው ሳህን እንኳ ወደ እኔ ተጠጋ። ቶናው ሲቀዳ ስልኬን አውጥቼ ለልማት ለሚነሳ ሰው ስለሚከፈል ካሳ የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ማንበብ ጀመርኩ። አክስቴ አዋጅ የሚባል ነገር አትወድም። አባቷ ያከራዩት የነበረውን ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 "ትርፍ" ብሎ ወስዶባቸዋል።

"ካሳው ለቤቱ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም" አልኩ።

"እና እኔ ሕዝብ አይደለሁም?"

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ላይ ታች አልኩት። ለአክስቴ የሚሆን መልስ የለውም። "አብሽር፣ ገና ትማራለህ" አለችኝ። የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው ስላት ደግሞ፣ "መቶ ቢሞሉት ምን ይጎድልባቸው ነበር?"

ጉዱ የመጣው "የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ" የምትለዋን ሳነብ ነው። አክስቴ በረካውን ልትቀዳ ያነሳችውን ጀበና መልሳ አስቀመጠች።

"ማለት?"

"ማለት... ከጎረቤት በመለያየታችሁ የሚከፈል ካሳ።"

ቤቱ ፀጥ አለ። ሰዎቹ ቀስ ብለው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ገበያ ላይ በግ የሚመርጥ ሰው እንደሚያየው ዓይነት አስተያየት ነው። አክስቴ አጠገቧ ወዳለችው ጎረቤቷ ዞረች።

"ለእሷስ ብዙ አትጠይቁልኝ። የወሰደችውን ስኳር እስከ ዛሬ አልመለሰችም።"

"ወላሂ፣ እኔ ግን ለአንቺ ሙሉውን ነበር የማስጽፈው!"

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከወዲያኛው አጥር ባለቤት ጋር በአንዲት የባሕር ዛፍ ግንድ ከተኳረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው።

"የተጣላ ሰው... ይቀነስበታል?"

አዋጁ ስለ ኩርፊያ የሚለው ነገር የለም። እኔ ግን የሕግ ሰው ነኝ፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን አልናገርም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን "አዎ" ብለው ተረጎሙት።

በማግስቱ ሽማግሌ ተላከ። ሐጂ ባለግንዱን አቅፈው ሳሙት። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አንድ በግ ታረደ። ስኳሩም ከነወለዱ ተመለሰ።

በወሩ ወሬው ውሸት ሆኖ ተገኘ። የሚነካ ቤት የለም።

ያን ዕለት ማታ ሐጂ በሬን አንኳኩ። ባለግንዱ ከኋላቸው ቆሟል። ወረቀት ይዘዋል፤ የበግ፣ የቡና፣ የስኳር፣ የሽማግሌ ትራንስፖርት ተዘርዝሮበታል።

"ልጄ፣ ያለያየ ካሳ የሚከፍል ከሆነ" አሉ፣ "ያስታረቀንስ በየትኛው አንቀጽ ነው የሚጠየቀው?"