ስምንት ፍሬ ኮአርተም

እናንተ የቆጪ ሰዎች፣ እናንተ የጅማ ሰዎች፣ እስቲ ቤት ግቡና የቡና ስኒ የምትደረድሩበትን መደርደሪያ ፈትሹ። ከስኒው ጀርባ ስንት ተጀምሮ የቀረ መድኃኒት አለ? እኔ ቤት ስምንት ፍሬ ኮአርተም፣ የወባ መድኃኒት፣ ነበር።

ባለፈው ኅዳር የግቢያችን ተከራይ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ፣ አሰንዳቦ አያቱ ዘንድ ከርሞ መጣ። ከግልገል ጊቤ ግድብ ብዙም አይርቅም፤ ወባ እዚያ ለማንም ወሬ አይደለም። ብዙ ሳይቆይ አተኮሰው፣ አንቀጠቀጠው። እኛ ቡና ላይ ነበርን። አንዷ «ታይፎይድ ነው» ብላ አምና የተረፋትን ሲፕሮ አመጣች። ሌላው «ቶንሲል ይሆናል» ብሎ አሞክሲሲሊን ጨመረበት። እኔ ሊቁ ደግሞ «ወባ ነው» አልኩ። ልክም ነበርኩ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ስምንቱን ፍሬ አምጥቼ «ሁለት ሁለት፣ ጠዋትና ማታ» ብዬ አዘዝኩላት። እናቱ «አላህ ይክፈልህ፣ ወንድሜ» አለችኝ። በረካውን ጠጥቼ ገባሁ።

ስምንቱ እንዴት ተረፉ? የእኔ እሽግ 24 ነበር፤ አራት አራት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን። ሁለተኛው ቀን ላይ ምግብ ሲጥመኝ «ድኛለሁ» ብዬ ተውኩት። ለልጁ ኪሎ ደግሞ 12 ያስፈልገው ነበር። እሱም ልክ እንደ እኔ በሁለተኛው ቀን ማታ አለቀበት። አራት ፍሬ ጎደለው። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ከቀብር ስመለስ ነው።

በመሀል ትኩሳቱ ወርዶለት ኳስ ሲጫወት አይተን ተመጻድቀናል። በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ሲመለስበት እናቱ መጥታ «ከዚያ የቀረ አለህ?» አለችኝ። አልነበረኝም። ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት የሆነ ነገር ቆጥረው ሰጧት። በሦስተኛው ሌሊት አንዘፈዘፈው። ሆስፒታል ሲደርስ ከጣቱ የወሰዱት ደም ወዲያው ወባውን አሳየ፤ ወባው ግን አንጎሉ ደርሶ ነበር። ያቺ አንዲት ጠብታ ደም ጤና ጣቢያችን ውስጥ በነጻ ትመረመር ነበር፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው። ሦስት ጎረቤታሞች ሦስት ዓይነት ክኒን ስናዋጣ «ደሙ ይታይ» ያለ አንድ ሰው ጠፋ!

ባለሙያ ጠይቄ የገባኝን ልንገራችሁ። ኮአርተም ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ ፈጥኖ ይገድላል፣ ፈጥኖም ከደም ይወጣል፤ ትኩሳቱን በብዛት የሚያወርደው እሱ ነው። ሁለተኛው ቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል፤ ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ ካላገኘ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ስለዚህ «ተሻለኝ» ስንል ገና የቀረ ወባ አለ፤ ግማሽ መድኃኒት ያልገደለው ደግሞ ይራባል። ወላጆቻችንን ያድን የነበረው ክሎሮኪን ለከባዱ የወባ ዓይነት አልሠራ ብሎ በፈረንጆቹ 1998 ፋንሲዳር በሚባል ሌላ መድኃኒት ተተካ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተሸንፎ በ2004 ኮአርተም መጣ። አሁን በኡጋንዳና በሩዋንዳ ይህንንም መቋቋም የጀመረ ወባ ተገኝቷል።

መድኃኒት ቤቱን ልትረግሙ ይሆናል። እርገሙት፤ ግን «የሃምሳ ብር ስጠኝ» እያልን ያስለመድነው እኛ ነን። ስኳር እንበዳደራለን፣ ጨው እንበዳደራለን፤ ክኒኑንም እንደዚያው አደረግነው። ደግነት ነው ብለን! እናቱ እስከ ዛሬ ለቡና ትጠራኛለች። ስለ አራቱ ፍሬ አልነገርኳትም። እናንተን እየገሠጽኩ ለእሷ ለመናገር ወኔ አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ሌላዋ ጎረቤቴ ልጇ አተኩሷት «ያ መድኃኒት አለህ?» ብላ በሬን አንኳኳች። የለኝም፣ ቢኖረኝም አልሰጥሽም፣ አስመርምሪያት አልኳት። ተቀይማ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ልጇን አዝላ ከግቢው ስትወጣ አየኋት። ወደ ጤና ጣቢያውም ወደ መድኃኒት ቤቱም እስከ ማዞሪያው ድረስ መንገዱ አንድ ነው። በሩ ላይ ቆሜ እስከዚያ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት።