ማስተካከያ፦ ስለ ሰሜን ኮሪያዋ ሰላይ

ትናንት እዚህ አዳማ ሻይ ቤት ያወራነውን ይዤ ስለ ኪም ህዮን ሁዊ ስፖስት "እስሯን ጨርሳ ወጣች" ብያለሁ፣ ተሳስቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከአንድ ሽማግሌ ሰላይ ጋር ሆና የደቡብ ኮሪያ አውሮፕላን ላይ ቦምብ አጥምዳ 115 ሰው አልቋል፣ በ1989 ሴኡል ላይ ሞት ተፈረደባት፣ በ1990 ደግሞ ፕሬዝዳንት ሮህ ቴ ዉ ምህረት አደረጉላት። ይሄን ያገኘሁት ከጊዜው የዜና ዘገባዎችና ራሷ ከሰጠቻቸው ኢንተርቪዎች ነው። ምህረቱ የተሰጣት የሰሜን ኮሪያ አገዛዝ አእምሮዋን አጥቦ መሳሪያ አድርጓታል ተብሎ ነው እንጂ ቅጣቷን ስለጨረሰች አይደለም፣ እና እኔን አምናችሁ "በቃ ከፍላለች" ብላችሁ የተከራከራችሁ ይቅርታ፣ እሷ ራሷ እንኳን እንደዛ አትልም፣ ጸጸቱ እስካሁን አለቀቃትም። የድሮውን ሼር ያደረጋችሁ ይሄንንም ጨምሩበት።