ምናሴ የእኛው ማስረሻ ነው

ዩቲዩብ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ስብከት አለ። ሰባኪው ዘፍጥረት ምዕራፍ 5ን ይገልጥና ከአዳም እስከ ኖኅ ያሉትን ዐሥር አባቶች ስም «በዕብራይስጥ እንዲህ ማለት ነው» እያለ አንድ በአንድ ይፈታል። ፍቺዎቹን ሲያገጣጥማቸው «ሰው ለሞትና ለኀዘን ተመደበ፤ የተባረከው አምላክ እያስተማረ ይወርዳል፤ ሞቱም ተስፋ ለቆረጡት ዕረፍትን ያመጣል» የሚል ነገር ይወጣዋል። ጉባኤው እልል ይላል፤ ወንጌል በዘር ሐረግ ውስጥ ተደብቆ ኖሯልና!

እኔ ግን እልልታው አይመጣልኝም። ላሜሕ «ተስፋ የቆረጠ» ለመባል የሚያበቃው ማስረጃ የለም፤ የስሙ ሥር በዕብራይስጥ ሊቃውንት ዘንድ ገና ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። ቃይናንን «ኀዘን» ለማሰኘት ደግሞ «ቂና» የተባለውን የሙሾ ስም ጎትቶ ማምጣት ግድ ይላል። መጽሐፉ ራሱ ከዐሥሩ መካከል ስማቸው ለምን እንደወጣላቸው በግልጥ የሚነግረን የሁለቱን ብቻ ነው፤ የሴትንና የኖኅን።

የኖኅ ነገር ደግሞ የሚገርም ነው። አባቱ ላሜሕ በዘፍጥረት 5፥29 ስሙን ሲያወጣለት የተናገረው የዕብራይስጥ ግስ «ያጽናናናል» የሚል ነው። ኖኅ የሚለው ስም ግን ከዕረፍት እንጂ ከማጽናናት ሥር አይወጣም። ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት አለመግጠሙ ሳይታያቸው አልቀረም፤ «ያሳርፈናል» ብለው አቃኑት። ላሜሕ ስም ያወጣው በጆሮው ነው፤ ድምፁ ከልቡ ጉዳይ ጋር ስለገጠመለት። እንግዲህ የስም ትርጉም ዝርዝር ይዞ የሚሰብክ ሰው መጽሐፉ ራሱ ያልሄደበትን መንገድ ነው የያዘው።

ይህን ከእኛ የበለጠ ማን ሊረዳው ይችላል? ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት ምትኩ ወይም ካሳ ትላለች። ሔዋንም አቤል ከተገደለ በኋላ «እግዚአብሔር ሌላ ዘር ተክቶልኛል» ብላ ልጇን ሴት አለችው። (ለሰንበት ተማሪዎች «ሴት ወንድ ነው» ብሎ ማስረዳት የሞከረ ሁሉ የዚህን ስም ጣጣ ያውቃል።) ይስሐቅንም ቢሆን መዝገበ ቃላት ሳንገልጥ እንሰማዋለን፤ ግእዙ ሠሐቀ፣ አማርኛው ሣቀ ይላል። አብርሃም ሳቀ፣ ሣራም ከድንኳኑ ደጃፍ ኋላ ሆና ሳቀች፣ ልጁም ሳቅ ተባለ። ኑኃሚን ከሞዓብ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ «አስመርሮኛልና ማራ በሉኝ» ያለችውም መራራ የሚለውን ቃል ለሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ አያሻውም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የዮሴፍ ነው። በግብፅ የበኩር ልጁን «እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ የአባቴንም ቤት አስረሳኝ» ሲል ምናሴ ብሎ ጠራው፤ የእኛው ማስረሻ ማለት ነው። ማስረሻ የሚባል ልጅ ያለበት ቤት ምን ሊረሳ እንደተፈለገ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር የተረሳው ነገር ይነሣል። ዮሴፍ በዚያን ጊዜ ከፈርዖን የግብፅ ስም ተቀብሏል፤ የኦን ካህን ልጅ አስናትን አግብቷል፤ በኋላም ወንድሞቹን በአስተርጓሚ ነው ያነጋገራቸው። የአባቴን ቤት ረሳሁ ያለበት ስም ግን የአባቱ ቤት ቋንቋ ነው። ምናሴ ማለት «ማስረሳት ነው» ብሎ አልፎ የሚሄድ ሰባኪ ይህን ሁሉ ጥሎት ይሄዳል።

የግእዝና የዕብራይስጥ ዝምድና ግን አንዳንዴ ያሳስታል። በግእዝ አደመ ማለት አማረ፣ ደስ አሰኘ ነውና አዳምን «ያማረ» ብሎ መፍታት በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ነው፤ የሚያምርም ነው። የዘፍጥረት 2፥7 ጨዋታ ግን ሌላ ነው፤ አዳም የተበጀው ከአዳማ፣ ከአፈር ነው። ሁለቱን ሳይቀላቅሉ መያዝ ይቻላል።

ዕብራይስጥ የግድ የሚያስፈልግበትማ ቦታ ሞልቷል። በኤርምያስ 1፥11 ነቢዩ «የለውዝ በትር አያለሁ» ሲል እግዚአብሔር «ቃሌን እፈጽም ዘንድ እተጋለሁና መልካም አይተሃል» ይለዋል። ለውዝ ከትጋት ጋር ምን አገናኘው? በዕብራይስጥ ለውዙ ሻቄድ፣ ተግቶ የሚጠብቀው ሾቄድ ነው። ዛፉም በዚያ አገር ክረምቱ ሳያልቅ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያብብ ነው። የአዲስ አበባ አንባቢ ደግሞ ለውዝ ሲባል በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ኦቾሎኒ ነው የሚታየው፤ በትር የሌለው! በአሞጽ 8 ላይ ያለው የበጋ ፍሬ ቅርጫትም እንዲሁ ነው፤ ነቢዩ ፍሬውን ሲያይ እግዚአብሔር በሕዝቡ ላይ ፍጻሜ እንደመጣ ይነግረዋል፤ በዕብራይስጥ ፍሬው ቃይጽ፣ ፍጻሜው ቄጽ ነው። እነዚህን ሁለት ቦታዎች የሚያብራራ ስብከት እስካሁን አልሰማሁም። አሳታሚዎችም ቢሆኑ በኅዳጉ ላይ አንዳንድ መስመር ቢጨምሩ ብዙ ወረቀት አይፈጅባቸውም።