ጌም ገዝቶ መያዝ ወይስ በነፃ ገብቶ መክፈል? ደሴና ኮምቦልቻ ሲከራከሩ

ድሮ ጌም አንዴ ተገዝቶ ያልቅ ነበር። አሁን ወይ በነፃ አውርደህ ውስጡ ገብተህ ትከፍላለህ ወይ በየወሩ ኪራይ ትከፍላለህ። ለተጫዋቹ የቱ ይሻላል? አንደኛው ተከራካሪ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት አለው፣ ሌላኛው ኮምቦልቻ ሆኖ በስልኩ ነው የሚጫወተው።

ደሴ፦ እኔ ከሲዲው ጋር ነኝ። ርካሽ ነው አላልኩም፣ ለስንት አመት 60 ዶላር የነበረው ትልልቅ ጌም በፈረንጆቹ 2020 ወደ 70 ገባ፣ በ2025 ደሞ ኒንቴንዶ ማሪዮ ካርት ወርልድን በ80 አወጣው፣ እኛ ጋ ሲደርስ በዛ ላይ በኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ብር ሲንሳፈፍ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈና ካምፓኒው ምንም ሳይጨምር ጌሙ እጥፍ ሊሆንብን ትንሽ ነበር የቀረው። ግን ከገዛሁት በኋላ የኔ ነው። ሲሰለቸኝ ወልዲያ ላለ ጓደኛዬ እሸጠዋለሁ ወይ በሌላ እቀይራለሁ፣ አንድ ሲዲ ሰፈሩን ሙሉ ያጫውታል። በኛው 2015 ክረምት የክልላችን ሞባይል ኔት የተዘጋ ጊዜ ታስታውሳለህ አይደል? ለወራት! ያኔ ፐብጂ የሚባለውን የኦንላይን የተኩስ ጌም ይጫወቱ የነበሩ ልጆች በሙሉ ስልካቸው ላይ ያለው ጌም አልከፍት ሲላቸው እኔ ቤት ነበር የሚውሉት፣ መብራት እስካለ ድረስ ሲዲው ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የኔቱን ነገር አልክድህም፣ ያ ጊዜ ከባድ ነበር። ግን 70 ዶላር ዛሬ ከ10,000 ብር በላይ ነው፣ እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሲሰፋ የሚውል ልጅ ይሄን ከየት ያመጣል? ያውም ፕሌስቴሽኑን ሳይጨምር፣ እሱም ቢሆን በ2025 አሜሪካ ውስጥ ራሱ 50 ዶላር ተጨምሮበታል። ፎርትናይት በፈረንጆቹ 2017፣ ፐብጂ ሞባይል በ2018 በነፃ መጡ፣ ስንቶቻችን ያደግንበት የኳስ ጌም ፔስ ራሱ በ2021 ኢፉትቦል ተብሎ ነፃ ሆነ። ለኛ በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። እኔ ፐብጂ ላይ አንድ ብር ሳልከፍል ከጀርመኑም ከሳውዲውም እኩል ወርጄ እዋጋለሁ፣ የከፈለው ያገኘው በአብዛኛው ልብስና ቀለም ነው። ደሞ ጌም ቤት እኮ ራሱ በየጨዋታው ነው የሚያስከፍለው፣ ተሸናፊ ይከፍላል አይደል ህጉ? ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ መጫወትን እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁን።

ደሴ፦ ይሄማ በጣም ይለያያል። እኔ ቤት ልጁ ጆይስቲኩን ሳይዝ ዋጋውን ያውቀዋል፣ ብሩ ሲያልቅ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሲያበዛም እኔው ሂድ አጥና እለዋለሁ። ስልኩ ላይ ግን መጀመሪያ ብሩ ወደ ጌሙ የራሱ ገንዘብ ይቀየራል፣ ዩሲ ይሆናል ወይ ዳይመንድ ይሆናል፣ የሚሸጥበት ጥቅል ደሞ ከምትፈልገው እቃ ዋጋ ጋር አይገጥምም፣ ሁሌ ትንሽ ይተርፍሃል ወይ ትንሽ ይጎድልሃል፣ ስለዚ ልጁ ስንት እንዳወጣ ሳያውቀው ደጋግሞ ይሞላል። ኳሱማ ባሰ! የፊፋን ጌም ሲሰራ የኖረው ኢኤ ከፈረንጆቹ 2009 ጀምሮ አልቲሜት ቲም የሚለው ላይ ፓክ፣ ማለትም የታሸገ የተጫዋቾች ጥቅል ትገዛለህ፣ ማን እንደሚወጣልህ አታውቅም፣ ገንዘብ ያለው ጥሩ ጥሩ ተጫዋች ይሰበስባል፣ በአመቱ አዲሱ ጌም ሲወጣ የገዛሃቸው ሁሉ አሮጌው ላይ ይቀሩና ከዜሮ ትጀምራለህ። ቤልጂየም በፈረንጆቹ 2018 ይሄ ቁማር ነው አለች፣ ኢኤም በ2019 መጀመሪያ ፓክ የሚገዛበትን ፖይንት እዛ አገር መሸጥ አቆመ። እኛ ጋ ግን የ12 አመት ልጅ ይገዛዋል፣ ማንም ምንም አይለውም፣ በዚህ በእውነት እናደዳለሁ።

ኮምቦልቻ፦ ቁማሩ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ ይከልከል። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክም እኮ በ2022 የአሜሪካ መንግስት ይዞት 520 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፣ ግማሽ የሚጠጋው ሰው ሳያስበው አንድ በተን ነክቶ እንዲገዛ ስላደረገ ለተጫዋቾቹ የሚመለስ ነው። ይሄ የሚያሳየው ግን ነፃ ጌም ህግ እንደሚያስፈልገው ነው እንጂ ነፃ መሆኑ መጥፎ እንደሆነ አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው፣ በብር የሚሸጥልን የለም። ጌም በኦንላይን የሚሸጠው ስቲም ለስንት አገር በራሱ ገንዘብ ዋጋ አውጥቷል፣ እኛ በዶላር ነን፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ደሞ አብዛኞቻችን የለንም፣ ስለዚ ልጁ ቴሌግራም ላይ ላገኘው ደላላ በቴሌብር ይልካል፣ አንዳንዱ ይሞላለታል አንዳንዱ ብሩን ይዞ ይጠፋል፣ የሰፈራችን አንድ ልጅ ጭራሽ ፓስወርዱን ሰጥቶ የሁለት አመት አካውንቱ ተወሰደበት።

ሲዲ የኔ ነው ላልከው ደሞ፣ ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌም አስታውስ። የሰራው ካምፓኒ ዩቢሶፍት በ2024 ሰርቨሩን ሲዘጋው በሲዲ የገዙትም ሰዎች መጫወት አልቻሉም፣ ብቻህን ስትነዳ ራሱ ኦንላይን ነበር የሚፈልገው።

ደሴ፦ እሱ እኮ የኔን ነው የሚያጠናክረው! ሲዲውን አይደለም ጥፋተኛው፣ ያለ ሰርቨር እንዳይሰራ አድርገው የሸጡት ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው የፈረመው ለዚህ ነው፣ የሸጣችሁልንን ጌም አትግደሉብን ብለው። ካሊፎርኒያም ከ2025 ጀምሮ የምትገዛው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ሻጩ በግልፅ ይንገርህ ብላለች። ኪራዩንም እየው፣ የማይክሮሶፍቱ ጌም ፓስ በፈረንጆቹ 2017 ሲጀምር በወር 10 ዶላር ነበር፣ በ2025 ትልቁ ፓኬጅ 30 ገባ፣ መክፈል ስታቆም ደሞ እጅህ ላይ ምንም የለም። ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ፕሌስቴሽን ብቻ መሸጥ የጀመሩ ቀን እኔ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ፣ ለራሴ ብቻ አይደለም የማዝነው፣ ስልክ እንኳን የሌላቸው ልጆች አሉ እኔ ቤት ቆመው የሚያዩ፣ ተራ ሲደርሳቸው አንድ ጨዋታ የሚጫወቱ፣ እነሱስ?

ኮምቦልቻ፦ ለነሱ ያንተ ቤት ይኑር፣ ይሄን አልቃወምም። ለኔና ለጓደኞቼ ግን ከፈረቃ ስንወጣ ጌም ቤት ዝግ ነው፣ ያለን ስልክና የሌሊት ፓኬጅ ነው፣ ነፃውን ጌም ዝጉት ብትለኝ ምን ልጫወት? እኔ ምንም አልገዛበትም፣ ታናሽ ወንድሜም እንዳይገዛ የቴሌብር ፒኔን አልሰጠውም፣ እንደዚህ አድርጌ እቀጥላለሁ።