ለኮንግረስ ጥቆማ ዘመድ አያስፈልግም

ስለ ዌስት ፖይንት (የአሜሪካ ምድር ጦር መኮንኖች ማሰልጠኛ አካዳሚ) ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «ዌስት ፖይንት ለመግባት ኮንግረስ ውስጥ ሰው ማወቅ አለብህ» የሚለው አባባል ወላጆችን ተስፋ እንዳያስቆርጥ ሰግቻለሁ። ጥቆማው፣ ማለትም ልጁ ለአካዳሚው በእጩነት መቅረቡ፣ ግዴታ ነው፤ ትውውቅ ግን አይደለም። የኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) አካዳሚ ደግሞ ጭራሽ ጥቆማ አይጠይቅም።

በአንድ የኮንግረስ አባል ስም ዌስት ፖይንት ውስጥ በአንድ ጊዜ መማር የሚችሉት 5 ብቻ ናቸው። አንዱ ሲመረቅ ቦታው ይከፈታል። ለዚያች ቦታ አባሉ ብዙ ልጆች ይጠቁማል። ቢሮዎቹ ለዚሁ ማመልከቻ ይቀበላሉ። ልጁ ቅጽ ይሞላል፣ ድርሰት ይጽፋል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ያስልካል። ብዙ ቦታ ኮሚቴ ፊትም ይቀርባል። «ለምን መኮንን መሆን ፈለግህ?» ሲባል «ቤተሰቦቼ ስለፈለጉ» የሚል መልስ አያዋጣም። ትምህርቱ ነፃ ነው ብላችሁ ብቻ አትገፋፏቸው፤ ከምረቃ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገል አለ።

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ልጅ ለሁለቱም ሴናተሮችና ለወረዳው ተወካይ ማመልከት ይችላል። ለሦስቱም ያመልክት! ዲሲ ሴናተር ስለሌለው፣ እዚያ ያለው በር የዲሲ ተወካይ ቢሮ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱም ለዌስት ፖይንት መጠቆም ይችላሉ። ጥቆማ አገኘ ማለት ግን ገባ ማለት አይደለም፤ ውጤቱን፣ ጤናውንና የአካል ብቃቱን አይቶ የሚቀበለው አካዳሚው ነው።

የኛን ቤተሰቦች በብዛት የሚይዘው ዜግነት ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። ልጁ ግሪን ካርድ ኖሮት፣ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ፣ እናቱ ወይም አባቱ ጋር እየኖረ ያ አብሮት የሚኖረው አሳዳጊ ወላጁ ዜግነት ከወሰደ፣ ልጁም አብሮ ዜጋ ይሆናል። ስለዚህ የራሳችሁን የዜግነት ማመልከቻ አታቆዩ። ልጁም 11ኛ ክፍል ሳለ የተወካዩን ድረ ገጽ ከፍቶ የማመልከቻውን ቀን ይይ፤ ብዙዎቹ በመኸር ይዘጋሉ።