ስሙን እዩት፤ ፈጅ! ፈረንጆች በስኳርና በቅቤ የሚሠሩት ጣፋጭ ነው።

ሁለት ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ድስት ከትናንት ጀምሮ ሲንኩ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። የመብራት ማብሪያው ላይ ስኳር ደርቆ ጣት ይይዛል፤ እንዴት እዚያ ድረስ እንደወጣ አትጠይቁኝ። የማማሰያው ጫፍ ላይ የተጣበቀው ነገር ድንጋይ ሆኖ በሙቅ ውሃም በቢላም እምቢ ብሏል። ቤተሰቡ ተኝቷል። እኔ ግን ይሄን ሳልተነፍስ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ማነው «ቀላል» ያለው? ስሙን ጥሩልኝ።

ከሥሩ ልጀምር። የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አሉ። «በስሜ ጥሪኝ» ይሉኛል። እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ በባዶ ስማቸው መጥራት አንደበቴ እምቢ ስለሚለኝ፣ ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ «ሃይ!» ብቻ እያልኩ አለሁ። አምና የፈረንጆች ገና ሰሞን በራችንን አንኳኩና አንድ ሳህን ሰጡን። ነጭ ነው፣ ዳር ዳሩን ሰማያዊ አበባ የዞረበት። ላዩ ላይ በአራት ማዕዘን የተቆራረጠ ጠይም ጣፋጭ ተደርድሯል። የለውዝ ቅቤ ፈጅ ይባላል አሉን።

የገና ጾም ላይ ስለነበርን ሁለት ፍሬ ለፍስክ ደበቅኩ። የቀረውን ልጄና ጾሙ «በሐኪም ትእዛዝ» የማይመለከተው ባለቤቴ ጨረሱት። ገና ሲደርስ ቀመስኩት። መጀመሪያ ጥርስ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ምላስ ላይ ቀስ ብሎ ይሟሟል። ጨው ብጤም አለው። ደህና ነገር ነው፣ አልዋሽም።

ጣፋጩ አለቀ። ሳህኑ ቀረ።

የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ለእናንተ አልነግራችሁም። ይህ ሳህን ግን አንድ ዓመት ሙሉ ፍሪጁ ላይ ተቀምጦ አፈጠጠብኝ። ለፋሲካ ዶሮ ልኬበት ልገላገል አልኩ፤ በርበሬው ጉድ ቢያደርጋቸውስ ብዬ ተውኩት። እንቁጣጣሽም አለፈ። ዘንድሮ ቆረጥኩ፤ በራሳቸው ምግብ ነው የምመልሰው። ራሴ ሰርቼ። ለእናቴም በስልክ ነገርኳት።

«ፈጅ ልሰራ ነው እማዬ።»

«ምን ፈጅ?»

«ስሙ ነው፤ ፈጅ።»

«ምኑን ነው የሚፈጀው?»

ያኔ ስቄ ነበር። ሳታየው ነው ያወቀችው። ስኳር ፈጅ። ቅቤ ፈጅ። ጊዜ ፈጅ። ለጥቂት ደግሞ ትዳር ፈጅ።

ስልኬን ከፈትኩ። ሁሉም «ቀላል» ነው። «በጣም ቀላል»፣ «5 ደቂቃ ብቻ»፣ «3 ነገር ብቻ»፣ «ልጆችም ይሰሩታል»። አንዷ ጋ ስገባ ወደ አሰራሩ ከመድረሴ በፊት የአያቷን ታሪክ፣ የውሻዋን ስም፣ ክረምትን ለምን እንደምትወድ ተማርኩ። እሺ፣ ይሁን። ቪዲዮው ላይ ነጭ ካውንተር፣ ንጹህ ጥፍር፣ ሁሉም ነገር ተሰፍሮ በትንንሽ ብርጭቆ ተቀምጧል። ትገለብጣለች፣ ታማስላለች፣ ትቆርጣለች። አለቀ። ሰሃን አጣቢዋ ማን እንደሆነች አይታይም።

የመጀመሪያው ሙከራ የማይክሮዌቭ ነው። የለውዝ ቅቤ፣ ነጭ ቸኮሌትና ኮንደንስድ ሚልክ። ማቅለጥ፣ ማዋሃድ፣ ፍሪጅ ውስጥ መክተት። ሱቅ ሄድኩ። አሁን ይህን ልብ በሉ፤ ኮንደንስድ ሚልክና ኢቫፖሬትድ ሚልክ የሚባሉት ቆርቆሮዎች እንደ መንታ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። አንዱ 14 አውንስ፣ አንዱ 12። ሁለቱም ውሃው የተቀነሰለት ወተት ነው። ልዩነቱ፣ ኮንደንስዱ ስኳር ጠግቦ እንደ ማር የሚዝረከረክ መሆኑ ነው። ኢቫፖሬትዱ ወፈር ያለ ወተት ብቻ ነው። ሥራ ውዬ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ልወስድ እየሮጥኩ የትኛውን ያነሳሁ ይመስላችኋል?

ስገለብጠው እንደ ወተት ፈሰሰ። ጠርጥሬ ነበር። «ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ይረጋል» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሳልቀምስ ነው የምሰራው፣ ጾም ነው። ሌሊቱን አደረ። ጠዋት ሳህኑን ዘንበል ሳደርገው ማዕበል ተነሳ። አጥሚት ሆኗል። የለውዝ አጥሚት! ቤቱ ውስጥ አራስ ብትኖር ኪሳራ አይባልም ነበር።

ሁለተኛው እሳትም ማይክሮዌቭም የማይፈልግ ነው ተባልኩ። የለሰለሰ የገበታ ቅቤ፣ አንድ ካፕ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ፓውንድ የስኳር ዱቄት። (አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን «ካፕ» የቡና ሲኒ መስሎኝ ሩዝ በሲኒ ስሰፍር ነበር። እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።) እዚህ ላይ ያጠፋኝ ኩራቴ ነው። ለውዝ ለእኔ ሊያስተምሩኝ? የባቢሌ ለውዝ ከቆሎ ጋር እየቆረጠምኩ፣ በጾም የለውዝ ሻይ እየጠጣሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከመደርደሪያው ላይ ውዱን፣ ለውዝና ጨው ብቻ ያለበትን፣ ዘይቱ ከላይ የሰፈፈውን መረጥኩ። ጤናማ ነው፣ እውነተኛ ነው ብዬ።

ለፈጅ ግን አይሆንም። በዚህ አገር ደንብ «የለውዝ ቅቤ» የሚባል ነገር ቢያንስ 90 ከመቶው ለውዝ መሆን አለበት። በቀረችው 10 ውስጥ ነው ምስጢሩ ያለው። ተራው፣ ርካሹ፣ ልጆች በዳቦ የሚበሉት ዓይነት ውስጥ እንዲረጋ የተደረገ ዘይት ይገባል፤ እሱ ነው ለውዙ ዘይቱን እንዳይለቅ የሚይዘው። የእኔው «እውነተኛ» ለውዝ የሚይዘው አልነበረውም። ሁለት ሰዓት ቆይቼ ስከፍተው ላዩ ላይ ዘይት ኩሬ ሠርቷል። ከሥሩ ያነጠፍኩት ወረቀት የፓስቲ መጠቅለያ መስሎ በወዲያ በኩል ያሳያል። ቁራጩን ሳነሳው በጣቶቼ መሃል ሾልኮ ወረደ። እና «ተራውን ግዢ፣ ውዱን አትግዢ» ብላ አንዲት መስመር ብትጽፍ ምን ነበረበት? የውሻዋን ስም ለመጻፍ ቦታ አላነሳትም!

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ያቆማል። እኔ እልህ ያዘኝ።

ሦስተኛው የድሮው ፈጅ ነው፣ ተፈልቶ የሚሰራው። ይሄኛው ታሪክም አለው። ቫሳር በሚባል፣ ያኔ የሴቶች ብቻ በነበረ የኒውዮርክ ኮሌጅ አንዲት ተማሪ በፈረንጆቹ 1888 30 ፓውንድ ፈጅ ሰርታ ለትምህርት ቤቱ ጨረታ አቀረበች ይባላል። የእሷ የቸኮሌት ነው። ቢሆንም 30 ፓውንድ! ወደ 14 ኪሎ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ዕቃ። እኔ ቪዲዮ እያየሁ እንኳ አንድ ፓውንድ አልወጣልኝም።

ስኳር፣ ወተት፣ ቅቤ ድስት ውስጥ ይገባል። እስኪፈላ ይማሰላል፣ ከፈላ በኋላ አይነካም። ሙቀቱ 235 ፋራናይት ሲደርስ፣ 113 ሴልሺየስ ገደማ መሆኑ ነው፣ ይወርዳል። ለውዙ ይገባል። ከዚያ ሳይነካ ወደ 110 ፋራናይት እስኪወርድ ይጠበቃል። ከዚያ በማማሰያ ይመታል፤ አብረቅራቂው መልኩ እስኪጠፋ። ትኩስ እያለ ከነካካችሁት ስኳሩ ትልልቅ ፍሬ ይሠራና አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ሲቀዘቅዝ ከተመታ ግን ፍሬው ስለሚደቅቅ ምላስ አያውቀውም። ይህን ሁሉ አጥንቻለሁ። ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ። ተራውን የለውዝ ቅቤ ይዣለሁ።

ስኳሩ ሲንተከተክ አንዲት ጠብታ ተፈናጥራ አንጓዬ ላይ አረፈች። ፈጀኝ! ስሙ ማለት ይሄ ነው። የፈላ ስኳር እንደ ውሃ ተንሸራቶ አይወርድም፣ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው። እጄን ቧንቧ ሥር ይዤ፣ ዓይኔን ቴርሞሜትሩ ላይ ተክዬ ቆምኩ። 220። 225። 230። ወጥቶ 235 ሲል አወረድኩት። ለውዙን ጨመርኩ። ይቀዝቅዝ ብዬ ልጅ ላስተኛ ሄድኩ።

ስመለስ ባለቤቴ ማማሰያውን ይዞ ያማስላል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እንዳያርርብሽ ብዬ ነዋ።»

ከእሳት ወርዷል እኮ! ምኑ ነው የሚያርረው? ለሃያ ዓመት ሽሮ ሲያርር እያየ ያላነሳውን ማማሰያ የዛሬን አነሳው። እዚህ ላይ ምን እንደተባባልን አልጽፍም፣ ጾም ነው።

ሲቀዘቅዝ ልቆርጠው ብል ቢላው ነካ ሲያደርገው ተፈረካከሰ። ኖራ ነው የሚመስለው። አሸዋነቱን ለባለቤቴ አስረከብኩት፤ ደረቅነቱ ግን ከየት መጣ? እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ውሃ ጣድኩና ቴርሞሜትሩን ከተትኩበት። ውሃው እየተገላበጠ ይፈላል፣ ቁጥሩ 203 ላይ ቆሟል። 212 ነው መሆን ያለበት። ዓይኔ ይሆናል፣ መሣሪያው ይሆናል ብዬ ጥቂት ካፈጠጥኩ በኋላ ገባኝ። ከፍታው ነው! ዴንቨር እኮ ከባሕር ጠለል 1,609 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ «ባለ አንድ ማይሏ ከተማ» የሚሏት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ይተናል። የእኔ ስኳር 235 እስኪደርስ ድረስ የሚያስፈልገው ውሃ ሁሉ አልቆበታል። 226 ላይ ማውረድ ነበረብኝ።

ደግሞ የሚያናድደው፣ ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ከተቆረቆረች ከተማ ነው የመጣሁት። እናቴ ባቄላ ጠዋት ጥዳ ለምሳ ስታወርድ፣ የአዲስ አበባ ውሃ 92 ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ነው ብሎ ማንም አልነገረኝም። «እስኪበቃው» ነበር የምትለኝ። እስኪበቃው! ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው 235 ከሚል ውሸት ይሻላል። ቪዲዮዋን የሰራችው ልጅ ባሕር ዳር ትሆናለች። የእኛን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፣ የውቅያኖስ ዳር።

የለውዝ ቅቤ አልቋል። ስኳር አልቋል። ዛሬ ጠዋት ተነሳሁና ዱቄት አቦካሁ። አምባሻ ጋገርኩ፣ በጥቁር አዝሙድ። ምንም አልለካሁም። ከሰዓት በኋላ ቆራርጬ ሳህኑ ላይ ደርድሬ በራቸውን አንኳኳሁ።

ሴትዮዋ ደስ አላቸው። አሸተቱት። የፈጁን ጉድ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቴርሞሜትር ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ፤ «ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣይው፣ በጣትሽ ስትይዢው ለስለስ ያለ ኳስ ከሆነ በቅቶታል።» ክው አልኩ። እናቴ በእንግሊዝኛ የተናገረች ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ስለ አምባሻው ጠየቁኝ። ውሃው ስንት ካፕ ነው? እንደ ዱቄቱ ነው አልኩ። እርሾውስ? ቆንጠር አድርጎ። ስንት ደቂቃ ይቆያል? እስኪበስል። ተያየን። «ከባድ ነው እንዴ?» አሉ።

«ኖ ኖ፣ ቬሪ ኢዚ!» አልኳቸው።

ልመለስ ስል «ቆይ፣ ቆይ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። አምባሻውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው፣ ያንኑ ሰማያዊ አበባ ያለበትን ሳህን ይዘው ወጡ። የዘንድሮ ፈጅ፣ አሥራ ሁለት ፍሬ፣ በላስቲክ ተሸፍኗል።

ሳህኑ ይኸው ፍሪጁ ላይ ነው። ሦስት ፍሬ ለገና ደብቄያለሁ።