የሞተር ዘይት ለጠመንጃ ይሆናል ወይ?

ሁለቱም ተከራካሪዎች ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው የሚኖሩት። አንዱ ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ሽጉጥና አንድ ጠመንጃ አለው፤ በወር አንዴ ተኩስ ልምምድ ይሄዳል። ሌላው ሜሪላንድ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በኢትዮጵያ ጦር የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። ጥያቄው፦ መሣሪያ ለመወልወል የመኪና ወይም የቤት ቅባት ይበቃል ወይስ አይበቃም?

መካኒኩ፦

እኔ ይበቃል ባይ ነኝ። እጄ ቀኑን ሙሉ ዘይት ውስጥ ነው የሚውለው፤ ስለ ዘይት ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

ሱቅ ገብታችሁ የጠመንጃ ዘይት የተባለችውን ትንሽ ጠርሙስ አንሱ። አራት አውንስ ናት፤ 118 ሚሊ ሊትር። በተቀራራቢ ዋጋ አንድ ኳርት የሞተር ዘይት ታገኛላችሁ፤ 946 ሚሊ ሊትር። ስምንት እጥፍ ማለት ነው።

የሞተር ዘይት ሥራው ምንድን ነው? ብረት ከብረት ሲፋተግ እንዳይባላ ማድረግ። በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ በሚዞር ሞተር ውስጥ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ ለወራት ይሠራል። ጥላሸቱን አንጠልጥሎ የሚይዝ ማጽጃ አለው። ብረት እንዳይፋቅ የሚከላከል የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ አለው። ጣሳው ላይ ያለው 5ደብልዩ-30 የሚል ቁጥር ደግሞ በብርድና በሙቀት እንዴት እንደሚፈስ ይነግራል። ሽጉጥ ከዚህ የባሰ ምን ይደርስበታል? በወር አንድ ቀን መቶ ጥይት ብተኩስ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ የወለወልኩት በአዲስ የሞተር ዘይት ነው። መጀመሪያ ካዝናውን አወጣለሁ። ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጣለሁ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥላሸቱን እፍቃለሁ። ከዚያ ብረቱ ተሽቶ ያበራበትን ቦታ ፈልጌ አንድ አንድ ጠብታ አደርጋለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልነከሰብኝም።

የግምጃ ቤቱ ሰው፦

ልጄ፣ የጻፍከው ብዙው እውነት ነው። ግን እኔ ግምጃ ቤት ስገባ መጀመሪያ የተማርኩት ስለ ዘይት አልነበረም፤ ስለ ውኃ ነበር።

የድሮ ወታደራዊ ጥይት ማቀጣጠያው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨዉ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ማታ ተኩሰህ ብታስቀምጠው ጠዋት የአፈሙዙ ውስጥ ቀልቶ ታገኘዋለህ። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟማም። ወጥ ቤት ገብተህ ዘይት ላይ ጨው በትንበት፤ ታች ተቀምጦ ይቀራል። እኛ የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ እናንቆረቁርበት ነበር። ብረቱ ይግላል፣ ጨዉ ይታጠባል፣ እርጥበቱም በራሱ ሙቀት ይደርቃል። ዘይት የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ አገር ቤት ያለው ወገናችን ነው። አንተ አዲስ ዘይት ከጣሳ ትቀዳለህ። ገጠር ያለው ሰው ግን የሚያገኘው የተቃጠለ ዘይት ነው። ከሹፌር ለምኖ በሃይላንድ ይዞት ይመጣል። ጥቁር ነው፤ ብረት ብናኝ፣ ጥላሸትና አሲድ ያለበት። መሣሪያውን በዚያ ወልውሎ እጁን በዚያው ጨርቅ ሲጠርግ ስንቴ አይቻለሁ። የተቃጠለ ዘይት ለቆዳ ጠንቅ ነው፤ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት። «የመኪና ዘይት ይሆናል» ብለህ ስትጽፍ እዚያ የሚሰማው ይህኛውን ነው።

የኑግ ዘይት የሚቀባም አለ። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲያሟሹ አይተህ እንደሆነ፣ ዘይቱ ምጣዱ ላይ ደርቆ አንጸባራቂ ቆዳ ይሠራል። ለምጣድ መልካም ነው። ኑግም አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ እንደዚያው ይጠነክራል። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ሙጫ ነው፤ መርፌውን ይይዘዋል። የተልባ ዘይት ግን ለእንጨቱ፣ ለሰደፉ፣ እኔም ራሴ እቀባዋለሁ።

መካኒኩ፦

ጋሼ፣ ስለ ተቃጠለው ዘይት ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ጋራዥ ውስጥም ያለ ጓንት አንነካውም። የፍሬን ዘይትንም እኔ ልጨምርበት፤ ቀለም ይልጣል፣ መሣሪያ አጠገብ አይድረስ።

በጨዉ ግን አይቀየሙኝና አልተስማማሁም። የጠመንጃ ዘይቱስ ጨው ያሟማል እንዴ? በጥቅሉ እሱም ዘይት ነው። እርስዎ ያነሱት የማጠብ ጉዳይ ነው። ያልታጠበ በርሜል በየትኛውም ዘይት ይዝጋል። አሁን እዚህ አሜሪካ ሱቅ የሚሸጠው አዲስ ጥይት አብዛኛው ጨው የሚተው ዓይነት አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ በጣሳ የሚነፋው ደብልዩ ዲ-40 ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ የተሠራው፣ አትላስ የተባለው ሚሳይል እንዳይዝግ ውኃ እንዲያባርርለት ነው። ስሙም ይህንኑ ነው የሚናገረው፤ ውኃ ማባረሪያ፣ 40ኛው ሙከራ። አብዛኛው የሚተን ፈሳሽ ነው፤ የሚቀረው ስስ ቅባት ነው። ሰው ግን መሣሪያውን እሱ ነፍቶበት ቁምሳጥን ውስጥ ለዓመት ይቆልፍበታል። ካዝናው ውስጥ ጥይት እያለ የሚነፋም አለ። ዘልቆ ገብቶ ማቀጣጠያውን ሊያበላሽ ይችላል።

ደግሞ ወታደሩስ ቢሆን ልዩ ዘይት ብቻ ነው እንዴ የሚጠቀመው? ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የእኛው ቃኘው ሻለቃ የያዘው ኤም-1 ጋራንድ የተባለ የአሜሪካ ጠመንጃ ግራሶ ነበር የሚቀባው። ዝናብ ዘይቱን እያጠበ ስላስቸገረ ነው። ግራሶ ደግሞ የእኛ የጋራዥ ዕቃ ነው።

የግምጃ ቤቱ ሰው፦

ኮሪያን ካነሳህ ብርዱንም አንሳው። እ.ኤ.አ. በ1950 ክረምት ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ቾሲን በተባለ ቦታ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ወርዶ ነበር። የአሜሪካኖቹ ዘይት ወፍሮ መሣሪያው እምቢ አላቸው። ቃኘው በ1951 ነው የደረሰው፤ የኮሪያን ብርድ እሱም ቀምሶታል። ዛሬ የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምበት የመሣሪያ ዘይት ከዜሮ በታች 51 እስከ ከዜሮ በላይ 71 ዲግሪ እንዲሠራ ተብሎ መስፈርት ወጥቶለታል። ማጽዳት፣ ማለስለስና ከዝገት መጠበቅ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ እንዲሠራ ነው የተጠየቀው።

ዋናው ክርክሬ ሦስተኛው ላይ ነው። ሞተር ይሠራል፤ ጠመንጃ ይቀመጣል። ሞተር የዘይት ፓምፕ አለው፤ መኪናው በተነሳ ቁጥር ዘይቱ ብረቱን እንደገና ያለብሰዋል። ሙቀቱም የገባውን እርጥበት ያተንናል። ጠመንጃ ይህ ሁሉ የለውም። ጎጃም ውስጥ ሐምሌን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል፤ ከላይ ጭስ፣ ከታች እርጥበት። ዘይቱ ወርዶ ወርዶ ሰደፉ ሥር ይጠራቀማል፣ ላዩ ይራቆታል። አንተ በየወሩ ስለምታነሳው ነው ያልዛገብህ።

መካኒኩ፦

እዚህ ላይ አሰብኩበት፤ የነካኝ ነጥብ ይህ ነው። የእኔ ሽጉጥ ከአንድ ወር በላይ ተቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ ዘይቴ ሲንቀሳቀስ ያለውን ነው የማውቀው፤ ሲቀመጥ ያለውን ፈትኜው አላውቅም።

ትናንት ማታ ስድስት ምስማር አጠብኩ። ቅባታቸውን በአሴቶን አውጥቼ አደረቅኩ። ሁለቱን አዲስ የሞተር ዘይት፣ ሁለቱን የጠመንጃ ዘይት፣ ሁለቱን ደብልዩ ዲ-40 ቀባኋቸው። በክር አስሬ በረንዳው ላይ ሰቀልኳቸው፤ ታች እንዳይጠራቀም፣ እርስዎ እንዳሉት ግድግዳ ላይ እንዳለ ጠመንጃ። የቨርጂኒያ ሐምሌ እርጥበቱ ለጉድ ነው፤ አይከፋም። እስከ መስከረም አልነካቸውም።

የግምጃ ቤቱ ሰው፦

ሁለት ሌላ ምስማር ጨምር፤ ምንም ሳትቀባቸው። አለበለዚያ ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ? በባዶ እጅህም አትያዛቸው፤ ላብም ጨው ነው።